የሽታ ትውውቅ

ተኩሌ የሰው ነገር ግራ በገባው ቁጥር መልሱን የሚፈልገው ከውሻ የዱር ዘመዶች ዘንድ ነበር። ባልና ሚስት ተጣሉ ሲባል፣ ቀበሮ እንኳ አንዴ ከተጣመረ ትዳሩን አያፈርስም ይላል። ጎረቤቱ ቁልፍ ጠፍቶበት ቤቱን ሲያተራምስ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀበሮ የተረፋትን ሥጋ እዚህም እዚያም ቀብራ ስታበቃ ከፊሉን እንደምትረሳው ያስረዳዋል። ሰውየው የፈለገው ቁልፉን ነው እንጂ ትምህርት አልነበረም፤ ተኩሌ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ብሎ አያውቅም። ስለ ጅብ የጠየቀው ሰውማ አለቀለት፤ ጅብ ውሻ ቢመስልም ዝምድናው ወደ ድመት እንደሚቀርብ ሳይሰማ ከፊቱ አይሄድም።

በመካነ እንስሳቱ ተኩላዎቹን፣ ቀበሮዎቹንና ጆሮ ሰፋፊዎቹን የዱር ውሾች የሚያበላውና የሚንከባከበው እሱ ነው። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም ተኩሌ ይለዋል። ሚስቱ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ስለሆነ ሰውየው የገዛ ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል።

በዚያ ሰሞን ግን አንድ የጨነቀው ነገር ነበር። እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ወደቁና ጎረቤት እስኪደርስላቸው ከተበተነው ሽንኩርታቸው መካከል ተቀምጠው ቆዩ። ጉልበታቸው ተጎዳ እንጂ አጥንታቸው ተርፏል። እሳቸው ነገሩን ለቀልድ አደረጉት፤ ሽንኩርቱ ከእኔ ቀድሞ ምድር ቤት ደረሰ እያሉ ያወሩታል። ተኩሌ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። እናቴ አንድ ቀን ማንም ሳይሰማት እዚያ ደረጃ ላይ ወድቃ ትቀርብኛለች ብሎ ፈራ። ከእሱ ጋር እንዲኖሩ ፈለገ፤ ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም።

ችግሩ እናቱና ሚስቱ ዓይንና ናጫ መሆናቸው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እንደተጋቡ ሰሞን ለአማቷ ቀሚስ ሰፍታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም እንግዳ በተሰበሰበበት «ብብቱ ያዘኝ» አሉ። ልብስ ሰፊን ብብቱ ያዘኝ ከማለት ዘር ማንዘሯን መስደብ ይሻላል። አማትየው በበኩላቸው ቀሚሱ ሆን ተብሎ እንደጠበበ ነው እስከ ዛሬ የሚያምኑት። በኋላም ለጥቂት ቀን ሊጠይቁ መጥተው የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ቦታ ቦታውን ቀየሩት፤ ምራትየዋ በገዛ ቤቷ ውስጥ ጨው ፍለጋ ስትንከራተት ዋለች።

ስለዚህ ተኩሌ ጉዳዩን ለሁለቱም ሲያነሳ የፈራው አልቀረም። እናቱ የምራት ፊት እያዩ ከመኖር ደረጃው ቢገድላቸው እንደሚመርጡ ነገሩት። ሚስቱ ደግሞ እናትህ በዚህ በር ሲገቡ እኔ ድስቶቼን ይዤ በዚያ በር እወጣለሁ አለችው። ቤቱ ያለው አንድ በር ነው፤ ይህን ለማስታወስ ግን ጊዜው እንዳልሆነ እሱም አላጣውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምናል፣ ካልሆነም ያኮርፋል። ተኩሌ ግን ሥራ ቦታው ሄዶ ተኩላዎቹ ፊት ተቀምጦ አሰበ። የተኩላ መንጋ የሚባለው ሌላ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ እናት፣ አባትና ልጆች። ከውጭ የመጣች ተኩላ ዘው ብላ ብትገባባቸው ይቦጫጭቋታል። ስለዚህ አዲስ መጤ ስትኖር አስቀድሞ የሚተዋወቀው ሽታዋ ነው። እሷ የተኛችበት ጉዝጓዝ ወደ ነባሮቹ ይገባል፣ የነባሮቹ ወደ እሷ ይሄዳል። መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ያጉረመርሙበታል፣ ይሸኑበታል። ውለው አድረው ይተኙበታል። አንዴ ከተኙበት በኋላ ባለቤቲቱ ስትመጣ ባዳ አትሆንባቸውም። አንዲት ክፉ አሮጊት ተኩላና ከሌላ ቦታ የመጣች ኩሩ ወጣት በዚህ ዘዴ ተላምደው ዛሬ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ነው የሚተኙት። እነሱን ያየ ሰው በአማትና በምራት ተስፋ መቁረጥ የለበትም አለ ተኩሌ በልቡ።

ሐሳቡን ለእንስሳት ሐኪሟ አዋያት። እሷም ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ ተኩላ ያሸተተው ላይ ይተኛል፣ ሰው ግን ያሸተተውን ይመረምራል አለችው። ተኩሌ ልጅቷ ገና እንዳላገባች አስታወሰና ምክሯን ናቀው።

ሥራውን የጀመረው ከእናቱ ቤት ነው። እናቱ ከወደቁ ወዲህ ጉልበታቸውን ካምፎር በሚሸት ቅባት እያሹ እጃቸውን በአሮጌ ሻሽ ይጠርጋሉ። ያን ሻሽ በኪሱ ከቶት ወጣ። ሚስቱ ለደንበኛ ልብስ ልታደርስ ስትሄድ ጠብቆ ትራሷን ተረተረና ሻሹን ከጥጡ መሐል ሸጉጦ መልሶ ሰፋው። ስፌቱ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። ከዚያ ሚስቱ የምትደርበውን ብርድ ልብስ ለእናቱ ወሰደላቸው፤ ማታ ማታ እንዳይበርድሽ ብዬ ነው አላቸው። ብርድ ልብሴስ ስትለው ለሚስቱ አንዲት ቀበሮ በርዷት እንደሆነ ነገራት። ከእሱ የማይጠበቅ ነገር አይደለምና አመነችው። ሚስቱ በቅርቡ የጽጌረዳ ሽታ ያለው የፀጉር ቅባት ጀምራ ስለነበር ብርድ ልብሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል።

ብዙም ሳይቆይ እናቱ ደወሉና እመጣለሁ አሉ። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ድንገት ለስለስ ብላ «እናትህ ይምጡ፤ ለአንተም ሳይሻል አይቀርም» አለችው። ተኩሌ ጮቤ ረገጠ። ለእሱ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ጉዝጓዙ ላይ ተኝተዋል።

እዚህ ላይ እሱ ያላወቀውን እኛ እንወቅለት። እናቱ ያን ብርድ ልብስ ተከናንበው ጋደም ባሉ በደቂቃው ነበር ቀና ያሉት። እሳቸው የሚያውቋት ምራት የምትሸተው የስፌት መኪና ዘይትና የተተኮሰ ጨርቅ ነው። ታዲያ ይህ ጽጌረዳ የማን ነው? ልጄ ሌላ ሴት ለምዷል አሉ። ምራታቸውን ባይወዷትም የምትታለል ሴት ማየትን ደግሞ ከዚያ አብልጠው ይጠላሉ፤ በጊዜያቸው የቀመሱት ነገር ነው። ስለዚህ የመጡት ልጃቸውን ሊጠብቁ ነው፤ እንደ እናት ሳይሆን እንደ ዘበኛ። ሚስቱ በበኩሏ ትራሷ ካምፎር ካምፎር ሲላት ባሏ ተደብቆ ጉልበቱን የሚያሽ መሰላት። የሥጋ ባልዲ ሲሸከም የኖረ ሰው መገጣጠሚያው ቢያልቅ ምን ይገርማል፣ ኩራት ይዞት ነው እንጂ አለች። አንጀቷን በላው። እናቱ ቢመጡ ለእሳቸው ይነግራቸው ይሆናል ብላ ነው እሺ ያለችው።

እናቱ አንድ ሻንጣ ይዘው መጡና ልብስ መስፊያው ክፍል ውስጥ ባለችው ትንሽ አልጋ ላይ ገቡ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሚስቱ አነጠሰች። ሌሊቱን ካምፎር ላይ ያደረ አፍንጫ ነው። አማትየው ይማርሽ አሉና እሳቸውም አነጠሱ፤ የእሳቸው ደግሞ በሻንጣቸው ደብቀው ያመጡት ብርድ ልብስ ጽጌረዳ ነው። የተኩሌ ዓይን በደስታ በራ። የዱር ውሾች ለአደን ከመውጣታቸው በፊት የሚማከሩት በማንጠስ ነው፤ በቂ ውሻ ካነጠሰ መንጋው ይነሳል፣ ካላነጠሰ መልሶ ይጋደማል። ሁለት ድምፅ ተገኘ ማለት ነው። የእሱ እንዳይጎድል ብሎ አፍንጫውን ኮርኩሮ ኮርኩሮ እንደምንም አንድ አነጠሰ። እናቱ ይማርህ አሉት። ሚስቱ ግን ሕመሙ ወደ ደረቱም ወጣ ብላ ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ተኩሌን የማያይ ዓይን ጠፋ። ወንበር ሊያነሳ ሲል ሚስቱ ትቀማዋለች። የአጥንት ሾርባ ታጠጣዋለች። ከመቀመጫው ሲነሳ ትንፋሿን ይዛ ጉልበቱን ታያለች። እናቱ ደግሞ ከሥራ ሲገባ አንገቱ ሥር ተጠግተው ይስሙታል፤ ስሞሽ ያሰኙት እንጂ ማሽተት ነው። ተኩሌ ይህን ሁሉ የቤተሰብ ሰላምታ አድርጎ ተቀበለው። ተኩላዎችም አደን ውሎ የመጣውን ዘመዳቸውን እንዲህ አፍንጫና ጉንጩን እያሸቱ ነው የሚቀበሉት።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ሁለቱ ሴቶች አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጡ ስለ እሱ ማውራት ጀመሩ። ሚስቱ የባሏን ሕመም ፈራ ተባ እያለች አነሳች፤ የሰማችውም ያየችውም ነገር እንደሌለ፣ ማስረጃዋ የካምፎር ሽታ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። አማትየው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። የእኔ ልጅ ጉልበቱ ደህና ነው አሉ፤ ትናንት አጥር ዘሎ ሲገባ አይቼዋለሁ። ካምፎሩስ የማን ነው? ከዚያ እሳቸውም የጽጌረዳውን ነገር አወጡት። ኮቱ ኪስ ውስጥ አግኝተው የደበቁትን ቀይ የፀጉር ቁንጣሪም አሳዩዋት። ምራትየዋ አንዷ የእኔኑ ዓይነት ቅባት ትቀባለች ብላ ነደደች። አማትየው የእኔኑ ዓይነት ቅባት ታሻለች ብለው ነደዱ፤ ግን ሁለቱም ይህን ለየራሳቸው ያዙት። በዚህ መልኩ ድንቹ ተልጦ ሳያልቅ አንዲት ሴት ተፈጠረች። ፀጉሯን ቀይ ቀለም ትነክራለች፣ ጽጌረዳ ትሸታለች፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፣ ምክንያቱም ጉልበቷን ያማታል። ሁለቱም በጋራ ጠሏት። ከተዋወቁ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ተኩሌ ከሥራ ሲገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲያንሾካሹኩ ያገኛቸው ጀመር። እሱን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ደስታውን መያዝ አቅቶት ለሐኪሟ ነገራት። እሷም ይስቃሉ ወይስ ያንሾካሹካሉ ብላ ጠየቀችው። ያንሾካሹካሉ አላት። እንዲያ ከሆነ ቤት ስትገባ በሩን ከኋላህ አትዝጋው አለችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ የትራስ ልብስ ልትቀይር ስትገላልጠው ስፌቱን አየች። ክሩ ጥቁር፣ ትራሱ ነጭ። አንዱ ጥልፍ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ ቋጠሮው ደግሞ እንደ አተር የጎላ። ሴትየዋ እዚህ ድረስ ገብታለች፤ ያውም መርፌ መያዝ የማትችል ሴት። የቱ ይበልጥ እንዳቃጠላት እሷም አታውቅም።

ተኩሌ እያፏጨ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ከስፌት ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው ጠበቁት። ጠረጴዛው ላይ ትራሱና ቀዩ ፀጉር ተዘርግቷል። ሚስቱ በእውነተኛ ስሙ ጠራችው። ሳይታዘዝ ተቀመጠ።

«ማናት?» አሉ እናቱ።

«ማን?»

«ጉልበቷን የሚያማት» አለች ሚስቱ። «ቀይ ፀጉር ያላት። አንዲት ጥልፍ መጥለፍ የማትችል።»

ተኩሌ እንዲህ ያለች ሴት በአእምሮው ፈለገ፤ አላገኘም። ፀጉሩን ግን ገና ሲያየው አወቀው። «ይሄማ የዱር ውሻ ነው» አለ።

«ሴትየዋን አትስደባት» አሉ እናቱ። «ጥፋቱ የአንተ ነው።»

ሚስቱ ነገር አላበዛችም። መቀሱን አንስታ ትራሱን ቀደደችና ከጥጡ መሐል ሻሹን መዛ አወጣች። ክፍሉ ካምፎር ካምፎር አለ። እናቱ ሻሹን አዩት፣ አገላበጡት፣ ዳር ዳሩን ዳሰሱት። «ይሄ የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የእሳቸውም ማስረጃ እንዳይቀር ሄደው ሻንጣቸውን ከፈቱና ብርድ ልብሱን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አሁን አፏን የያዘችው ሚስቱ ናት። ቀበሮዋ በርዷት የተወሰደው ብርድ ልብስ ነው፤ የገዛ ፀጉሯን ነው የሚሸተው።

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። ተኩሌ ከዚህ በኋላ የሚደብቀው አልነበረውም። ስለ ተኩላ ቤተሰብ፣ ስለ ጉዝጓዝ መለዋወጥ፣ ስለ አሮጊቷና ስለ ኩሩዋ አንድ በአንድ አስረዳ። መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ከዚያ ያጉረመርሙበታል አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቢዘለው ይሻለው ነበር፤ ግን ነገር አጉድሎ የማያውቅ ሰው ነውና አልዘለለውም።

እናቱ ሻሹን በእጃቸው አጣጥፈው አዩት። ተናደው አልነበረም፤ ተኩሌ ይህን ፊታቸውን አያውቀውም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው። «እኔ የመጣሁት ይቺ ልጅ ተበደለች ብዬ ነው» አሉ። «ካልተበደለች እዚህ ምን አስቀመጠኝ? ወደ ቤቴ ውሰደኝ።»

ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሚስቱ ጠረጴዛውን ገፍታ ደርሳ ብብታቸውን ይዛ ደገፈቻቸው፣ ወንበር ላይም መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«ቅባትዎ የታለ?»

«ቤት ትቼው መጣሁ። መድኃኒት መድኃኒት እየሸተትኩ የሰው ቤት አልገባም ብዬ ነው።»

«ከመጡ ጀምሮ እንደዚህ እያመመዎት ነው?»

ጉልበታቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ። ተኩሌ ወለሉን አየ። በዚያው ሳምንት አንዲት ተኩላ የፊት እግሯን ሳብ ስታደርግ ከግቢው ማዶ ሆኖ አይቶ ሐኪሟን እየሮጠ የጠራት እሱ ነው። እናቱ ግን በዓይኑ ፊት ከአልጋ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ አልጋ ግድግዳ እየያዙ ሲሄዱ ሰንብተዋል፤ እሱ ደግሞ ማንጠሳቸውን ነበር የሚቆጥረው። አፈረ። ጆሮው ድረስ ነው ያፈረው።

እናቱ በበኩላቸው የምራታቸውን ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሻሽ ሲያዩ ቆዩና «አንቺስ ቅባትሽን የት ጣልሽው?» አሏት። «እኔ ከመጣሁ ጽጌረዳ ሸተሽኝ አታውቂም።»

«ቀበጥ ናት ይሉኛል ብዬ ተውኩት።»

«ተቀቢው ልጄ» አሉ። «ያችን ሴትዮ ቀንም ማታም ስረግማት፣ ሽታዋን ግን ወደድኩት። ብርድ ልብሱን ሻንጣዬ ውስጥ የደበቅኩት ለማስረጃ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ እሱን ካልተከናነብኩ እንቅልፍ አልወስደኝ ብሎ ነው።»

ሚስቱ ሳቅ አመለጣት። እናቱም አፋቸውን በሻሹ ሸፍነው ሳቁ፤ ሻሹ ካምፎር ነውና ሳቁ ወደ ማንጠስ ተለወጠ፣ እሷም ይማርዎት እያለች ተከትላ አነጠሰች። ተኩሌ ነፍሱ መለስ አለችና፣ እንግዲያው ዘዴው ሠርቷል ማለት ነው ሊል አፉን ከፈተ። ሁለቱም ዞረው አዩት። የከፈተውን አፍ ዘጋው።

«ተነስ» አለችው ሚስቱ። «ሄደህ ቅባታቸውን አምጣ።»

«ቅባቱን ብቻ?»

«ልብሳቸውንም፣ ዕቃቸውንም፣ ያላቸውን ሁሉ። የቤቱንም ቁልፍ ለአከራያቸው አስረክብ።»

እናቱ ሳቃቸውን አቆሙ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

«ምን ብዬ ልጠይቅዎት?» አለች ሚስቱ፣ ጉልበታቸው ሥር ቁጭ ብላ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ እየሰበሰበች። «እኔ ይሄን ሰውዬ ብቻዬን አልችለውም።»

እናቱ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት፤ ተመልክተውም ልጅቷ እውነቷን እንደሆነ አመኑ። «እሺ፣ ሂድ» አሉት፣ «ድስቶቼን ግን እንዳትረሳ።»